የእሜቴ ትንፋሽና የጋሼ መስመር ጓጉንቸር

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ሚዛን ላይ ቢቀመጥ ምን ያህል ይወጣዋል? ቤት የሠራ ቤቱን ያሳያል፤ ልጅ ያስተማረ ልጁን፤ መጽሐፍ የጻፈ እንኳ መደርደሪያ ላይ ሆኖ አቧራ የሚጠጣለት ነገር አያጣም። ዕድሜውን ሙሉ የተበጠሰ የመብራት ሽቦ ሲቀጥል የኖረ ሰው ግን ምኑን አውጥቶ ያሳያል? መብራት እያለ ማንም መብራቱን አያይም፤ በመብራቱ የሚያየው ሌላ ሌላውን ነው። ሰው ቀና ብሎ አምፖሉን የሚያየው የጠፋ ዕለት ነው፤ የዚያን ዕለት ደግሞ የመብራት ሠራተኛ ስም የሚነሣው ለምርቃት አይደለም።

ይህ የጡረተኛ ጥያቄ ነው፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው ለእንዲህ ያለው ነገር ጊዜ የለውም። ጋሼ መስመርንም የያዘው የምሰሶ መውጫ ብረቱን፣ የወገብ ቀበቶውንና የራስ ቁሩን ለዕቃ ግምጃ ቤቱ አስረክቦ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ በተመለሰ ሰሞን ነበር። ባዶ እጁን ማለትም ልክ አይሆንም፤ ኪሱ ውስጥ አንድ ጓጉንቸር ነበረች። ግምጃ ቤቱ አልጠየቀውም፤ እሱም አላስታወሰም።

"ጋሼ መስመር" ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰው ሁሉ በአጥሩ ላይ አንገቱን እያሰገገ "ጋሼ፣ መስመሩ ምን ሆነ?" ሲለው ኖሮ፣ በመጨረሻ ጥያቄውና ሰውየው አንድ ላይ ተሰፉ። ጡረታ ከወጣም በኋላ መጠየቁ አልቀረለትም። የጠፋበትን አካባቢ፣ የነፋሱን ጉልበትና የትራንስፎርመሩን ድምፅ አገናዝቦ "ይቺ እስከ ማታ ትመጣለች" ወይም "ሻማችሁን አዘጋጁ" ይላል። አንዳንዴ ይሳሳታል። ያኔ አጠገቡ ብየዳ ቤት ያለው ጎረቤቱ "ጋሼ መስመር ዛሬ ራሱ ተበጥሷል" እያለ መንገደኛ ይሰበስብበታል።

ጓጉንቸሯ የራሷ ታሪክ አላት። በጉብዝናው ወራት አንድ የሥራ ጓደኛ ነበረው፤ ምሰሶ አወጣጡን ያየ ሁሉ ጦጣው ይለዋል። አንድ ቀን ሁለቱ ራሳቸው የዘጉት መስመር ላይ ጦጣው ተሰቅሎ ሲሠራ፣ ሬሳ ነው የተባለው ሽቦ ነከሰው። ለካ ከታች ካሉት ቤቶች በአንዱ ጄነሬተር ተነሥቶ፣ ሁለቱም ጫፉ ተሰኪ በሆነ ገመድ ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት ተሰክቷል። ኃይሉ በቤቱ ሽቦ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ቆጣሪውን አልፎ፣ ምሰሶው ላይ ያለውን ሰው አገኘው። ቀበቶው ባይዘው ኖሮ እዚያው ያበቃለት ነበር። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁ ግን ከዚያ ወዲህ ተጨብጣ አታውቅም። ጋሼ መስመርን ከአደጋው ይልቅ የሚያብሰለስለው የባለ ጄነሬተሩ ነገር ነው። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ልጆቹ ጨለማ ይፈሩበት ስለነበር ነው። አንድ ሰው ለልጆቹ ብሎ ያበራው መብራት የማያውቀውን ሰው እጅ ይዞ መሄዱን ስንት ዓመት አላምጦ ሊውጠው አልቻለም።

ከዚያ በኋላ ቡድኑ ልማድ አወጣ። ምሰሶ የሚወጣ ሁሉ ማጥፊያውን ከዘጋ በኋላ የየራሱን ጓጉንቸር ያንጠለጥልበታል፤ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። ሰውየው ወርዶ፣ እግሩ መሬት ረግጦ፣ "ወርጃለሁ" ሳይል ያቺን ጓጉንቸር አለቃም ቢሆን አይነካትም። ጋሼ መስመር ወደ ቤቱ ይዟት የመጣው ይህችኑ ነው።

ሚስቱን እሜቴ ይላታል። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ አዲስ ሙሽሮች ሳሉ ሥራ ታዝዘዋለች፣ እሱም ጎንበስ ብሎ "እሺ እሜቴ" ይላል። ቀልዱ አርጅቶ ስም ሆነ። እሜቴ ሳንባዋ ከደከመ ወዲህ ሐኪሟ አየር የሚያጣራ የኦክስጅን ማሽን አዘዘላት፤ ማሽኑ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ቀኑን ያጉረመርማል፣ ሌሊቱን ያጉረመርማል። ከእሱ የሚወጣው ቀጭን ቱቦ እስከ ማድቤትም እስከ መኝታ ቤትም ይደርስላታል። ሰው ሲጠይቃት "ሁለተኛው ባሌ ነው" ትላለች። "እንደ መጀመሪያው ያንኮራፋል፤ ልዩነቱ ይሄኛው ትንፋሽ ይሰጠኛል፣ ያኛው ይወስድብኛል።"

ጣሪያው ላይ ያለው ሶላር የሴት ልጃቸውና የአማቻቸው ስጦታ ነው። አማቹ የሕንፃ መሐንዲስ ነው፤ ነገሩን አጥንቶ፣ ጥላ የማይነካውን የጣሪያ ወገን መርጦ አስተከለው። ቀን ቀን ቤቱን ያንቀሳቅሳል፣ የተረፈውን ወደ መስመሩ ይልካል። ሁሉም ደስ አላቸው፤ ያቺ ቀን እስክትመጣ ድረስ።

ጠራራ ፀሐይ ነበር። የብየዳ ቤቱ ጩኸት ድንገት ጸጥ አለ፤ ወዲያው የኮሪደሩ ማሽን አቃስቶ ቆመ። ጋሼ መስመር ሮጦ የመጠባበቂያውን የኦክስጅን ሲሊንደር ከፈተ፣ ቱቦውን አዘዋወረ፣ መዘውሯን አዞረ። እሜቴ ትንፋሿ ሲመለስ መጀመሪያ ያወጣችው ቃል ምስጋና አልነበረም።

"አንተ ሰውዬ፣ ፀሐይዋ አናቴን እየቀጠቀጠችኝ፣ ሶላሩ ጣሪያዬ ላይ ተንጋሎ እየሞቀ፣ እኔ ትንፋሽ ልጣ? ለምንድን ነው ታዲያ የተሰቀለው? ለጌጥ ነው?"

"መስመሩ ሲሞት አብሮ እንዲጠፋ ነው የተሠራው፣ እሜቴ።"

"ለምን ተብሎ?"

"ምሰሶ ላይ ላለው ሰው ተብሎ። እኛ ቤት ያለው ኃይል ወደ ኋላ ሄዶ እንዳይነክሰው።"

እሜቴ ጦጣውን ታውቀዋለች፤ በግራ እጁ ሲጨብጣት ስንት ጊዜ ነው። "እንግዲህ እኔም ትንፋሼን ለጦጣው ሰጠሁ በለኛ" አለች።

ችግሩን የሰማው ባለ ብየዳው በማግሥቱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ። "ጋሼ፣ ይሄ ምን ችግር አለው? ትንሿን ጄነሬተሬን አመጣለሁ፣ ከሶላሩ ጋር አገናኛታለሁ፣ ሶላሩ መስመሩ ያለ መስሎት ይነሣል። ማታለል ነው እንጂ ሌላ ምን አለበት!"

"ማንን ነው የምታታልለው?"

"ሶላሩን ነዋ!"

"እና ምሰሶ ላይ ያለውን ልጅ?"

"ኧረ ጋሼ፣ ማን ያውቃል እዚያ ሰው ይኑር አይኑር?"

"እኮ። ማንም አያውቅም።" በሩን ከፍቶ ያዘለት። ባለ ብየዳው ተቀይሞ ወጣ፤ ከበር ላይ ግን ዞር ብሎ "ለእሜቴ ብዬ እኮ ነው" አለ። ነገሩ እውነት ነበር፤ እውነት መሆኑም ነው ጋሼ መስመርን የባሰ የከበደው። ያ ባለ ጄነሬተርም ለልጆቹ ብሎ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሼ መስመር ከቤት መውጣት ተወ። ከሱቅ ያለፈ አይሄድም፤ ከሄደም ልቡ ኮሪደሩ ላይ ተሰቅላ ነው የምትቀረው። ሌሊት ሲተኛ አንድ ጆሮውን ለማሽኑ ይተወዋል፤ ማሽኑ ትንሽ ድምፁን ሲለውጥ ከአልጋው ይነሣል። ጠዋት ዓይኑ ደም መስሎ ሲታይ እሜቴ ታየዋለች። "እኔ ነኝ የታመምኩት ወይስ አንተ?" ትለዋለች። ይህን የመሰለ ኑሮ ሰውን በአንድ ቀን አይጥለውም፤ ሰው ሳያስተውል ቀስ እያለ ይሸረሽረዋል።

እንግዲህ ወሬው ወደ ባትሪ የዞረው በዚህ ጊዜ ነው። ቀን የመነጨውን ኃይል የሚያጠራቅም፣ መብራት ሲጠፋ ቤቱን ለብቻው የሚያኖር ባትሪ። እሑድ ከሰዓት ልጃቸውና አማቹ መጥተው ሳሎን ተቀመጡ። አማቹ ጨዋ ሰው ነው፤ ነገር አያድበሰብስም።

"አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት። አገላብጬ አስቤዋለሁ። ባትሪው አያዋጣም።"

"በምን?"

"ቀን ከምታመነጩት አብዛኛውን እዚያው ቀን ትጠቀሙበታላችሁ። የሚያጠራቅመው የቀረውን ነው፤ እሱም ያን ያህል አይደለም። መብራት የሚጠፋውም በየቀኑ አይደለም። ባትሪ ደግሞ ተጠቀሙበትም አልተጠቀሙበትም ዕድሜው ይሄዳል። ወጪውን ሳይመልስ ነው የሚያረጀው።"

"እኔስ ወጪዬን መልሼ ነው ያረጀሁት?" አለ ጋሼ መስመር።

"አንተማ ገና ያልተከፈለ ዕዳ ነህ" አለች እሜቴ ከሶፋው ጥግ። ልጃቸው ሳቋን ልትይዝ ብላ ሻዩ ትን አላት።

አማቹም ሳቀ፤ ግን ከሐሳቡ አልወጣም። ሲሊንደሩ አለ፣ ሲያልቅም ይሞላል፣ ለችግር ቀን እሱ ይበቃል አለ። እሜቴም በእሱ ወገን ቆመች። "ለእኔ ተብሎ ግድግዳ የሚያህል ነገር ቤቴ ውስጥ እንዲገተር አልፈልግም። ሲሊንደሩ ይበቃኛል።"

"ሲሊንደሩን ማን ይከፍተዋል?" አለ ጋሼ መስመር።

"አንተ ነሃ። ወዴት ትሄዳለህ?"

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ምን እንዳለች ገባት። ወዴት ትሄዳለህ። ሰውየው ወዴትም መሄድ ካቆመ ሰንብቷል። ያን ቀን ነገሩ ሳይቆረጥ ተነሡ።

መላ ያመጣችው ሶላሩን የተከለችው ባለሙያ ናት። ሰፈሩ ባለሶላሯ ይላታል፤ ጣሪያ ላይ ስትራመድ እንደ ሳሎኗ ነው። "እማማ፣ አትግዙት" አለች። "ባትሪውን ለሙከራ አምጥቼ ልትከለው። አንድ ወር አብራችሁት ኑሩ። ካልጣማችሁ እነቅለዋለሁ፤ ቂም የለኝም።"

ተክላው ስትጨርስ ጋሼ መስመር ዙሪያውን እንደ ፈረስ ገዢ ዞረው። ማጥፊያውን አየ፣ ሽቦውን በዓይኑ ተከተለ። "ልጄ፣ መስመሩ ሲሞት ቤቱን ከምሰሶው የሚለየው የቱ ነው?"

"እዚህ ውስጥ ነው አባባ። መስመሩ እንደሞተ ሲያውቅ ይቆርጠዋል፤ ከዚያ ቤቱ ለብቻው ይኖራል። ወደ ምሰሶው አንዲት ጠብታ አትወጣም።"

"ማጥፊያው ተጣብቆ አልቆርጥ ቢልስ?"

"ሁለት ነው። አንዱ ቢጣበቅ ሌላው ይለያል። ከመስመሩ ጋር መልሰው ከመገናኘታቸው በፊት ደግሞ ራሳቸውን ይፈትሻሉ።"

"ማን ያያቸዋል ሲፈትሹ?"

ባለሶላሯ ፈገግ አለች። "እኔ ከቢሮዬ አያቸዋለሁ። እርስዎ ግን እንደማያምኑኝ ከፊትዎ ያስታውቃል።"

"አንቺን አምናለሁ። እጄ ያላጠፋውን ነገር ግን እጄ አያምነውም" አለ። እውነቱን ነው የተናገረው። የትምህርት ማነስ አልነበረም፤ ነገሩን ስታስረዳው አንድም ያልገባው አልነበረም። አእምሮው ገብቶታል፣ እጁ አልገባውም። ሰው ሁለት ዓይነት ዕውቀት ይዞ ነው የሚኖረው፤ ሁለቱ ደግሞ ሁልጊዜ እኩል አይራመዱም።

ጥቂት ቀናት አለፉ። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ነፋስ ተነሣና የሆነ ቦታ ቅርንጫፍ ሽቦ ላይ ጣለ። ብየዳ ቤቱ ጸጥ አለ፤ የጎረቤት ሬዲዮም ዜናውን ከመሐል ቆረጠው። የኮሪደሩ ማሽን ግን ማጉረምረሙን ቀጠለ። እሜቴ ምሥር እየለቀመች ነበር፤ ቀና ብላ "መብራት ሄደ እንዴ?" አለች፤ ወዲያው ቱቦዋን ነካ አድርጋ "አይ፣ የእኔ ባል አልሄደም" ብላ ወደ ምሥሯ ተመለሰች። ጋሼ መስመር ሲሊንደሩ ጋ ሊሮጥ ተነሥቶ ነበር፤ እንደቆመ ቀረ።

ከዚያ መኪና ቆመ። በራቸው ፊት ለፊት ባለው ምሰሶ ላይ መሰላል ተደገፈ። በመስኮት ሲያይ አንድ ጎልማሳ ቀበቶውን እያጠበቀ ወደ ላይ ያንጋጥጣል። ያኔ የጋሼ መስመር እግር ጌታውን ሳያማክር ወደ ማጥፊያው ሳጥን ሄደ። ከመስመሩ የሚመጣውን ዋናውን ማጥፊያ ዘጋ፤ እጀታው ላይ ባለችው ቀዳዳ ጓጉንቸሯን አስገባ፣ ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ባለሶላሯ የተናገረችውን ሁሉ ያስታውሳል። እጁ ግን የሚያውቀውን ሠራ፤ ሠርቶም ጸጥ አለለት።

ወደ መንገዱ ወጣ። "ልጄ!" ብሎ ወደ ላይ ተጣራ። "ከእኔ ቤት በኩል ነፃ ነህ! ዘግቼ ቆልፌአለሁ!"

ጎልማሳው ግራ ገብቶት ከታች ወደ ቆመው የቡድኑ አለቃ፣ ወደ ፎርማኑ አየ። ፎርማኑ ትሕትና ያለው ሰው ነው። "እግዜር ይስጥልን አባባ። ይግቡ፣ ነፋሱ ይመታዎታል።"

"እናንተ ሳትወርዱ አልከፍትም። ስትጨርሱ ንገሩኝ።"

"እሺ አባባ።"

"እንዳትረሱ። በሩን አንኳኩ።"

"እሺ፣ እሺ።"

በሩ ላይ በርጩማ አውጥቶ ተቀመጠ። ትንሽ እንደቆየ ዝናቡ ወረደ። እሜቴ በመስኮት "አንተ ሰውዬ፣ ሁለታችንም ማሽን ላይ ልንሰካ ነው?" ብላ ጮኸችበት። ሱሪው ጉልበቱ ድረስ ረጥቦ ገባ፣ ለወጠ፣ እራቱን በላ፣ ወንበሩ ላይ ደገፍ እንዳለ እንቅልፍ ጣለው። ማንም በሩን አላንኳኳም። ሰዎቹ ጨርሰው ሄደዋል፤ የጎረቤት አምፖል በርቷል፣ የእነ ጋሼ መስመርም በርቷል። ሁሉም ቤት ሲበራ ማን የማን መብራት ከየት እንደመጣ ይጠይቃል?

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ምንም አለመሆኑ ነው። ሰማዩ እንደከበደ ዋለ፤ እሜቴ ልብስ አጠበች፣ ማሽኑ አጉረመረመ፣ ማታ ዜና ሰሙ። ጋሼ መስመር ተኛ። እውነተኛ እንቅልፍ፣ አፉን ከፍቶ፣ ክንዱን ዘርግቶ። ያን ቀን አመሻሽ በገዛ ዓይኑ አይቷል፤ መብራት ሄዶ ማሽኑ አልሄደም፤ ጆሮው ከዚያ ወዲያ ዘብ መቆሙን ተወ። ጠዋት እሜቴ "ሁለቱ ባሎቼ ሌሊቱን ሲፎካከሩ አደሩ፣ አንተ አሸነፍክ" አለችው።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ስልክ ጮኸ። ባለሶላሯ ናት።

"አባባ፣ ደህና አደሩ? ሰፈራችሁ እስካሁን መብራት አልመጣም እንዴ?"

"ምን ማለትሽ ነው ልጄ? ብየዳ ቤቱ ጆሯችንን እየበሳው!"

"እንግዲያው ችግር አለ። የእናንተ ቤት ከዚያ ከነፋሱ ዕለት ጀምሮ ከመስመር እንደተቆረጠ ነው። መብራት የጠፋባችሁ መስሎኝ ዝም አልኩ። ዛሬ ጠዋት ባትሪው ወደ ሩብ ወርዶ ሳየው ነው የደነገጥኩት። አሁን ፀሐይ ወጥታ እየሞላ ነው።"

ጋሼ መስመር ስልኩን ሳይዘጋ አስቀምጦ ወደ ሳጥኑ ሮጠ። ጓጉንቸሯ፣ እሱ በዚያ እንቅልፍ ሲረሳት፣ እንዳንጠለጠላት ተቀምጣለች። የቡድኑ ልማድ ሥራውን ሠርቷል፤ "ወርጃለሁ" ያለ ሰው የለም፣ ስለዚህ የከፈተም የለም።

"ቁልፉ! እሜቴ፣ ያቺ ግራጫ ሱሪ የት ናት?"

"አጥቤ አስጥቻታለሁ። ምን ሆነሃል?"

ሱሪዋ ገመዱ ላይ ተሰጥታ በደመናው ሳትደርቅ አድራለች። እርጥብ ኪሷ ውስጥ እጁን ሰዶ ቁልፉን አወጣ፤ ከፈተ፤ ማጥፊያውን መለሰ። ከስልኩ ውስጥ ባለሶላሯ "እሰይ፣ ተገናኘ!" ስትል ከሩቅ ተሰማ። እሱ ግን ደረጃው ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ ፍርሃቱ መጣ፤ ያላወቀው ገደል ጠርዝ ላይ ተኝቶ ያደረ ሰው ጠዋት ሲነጋ የሚይዘው ዓይነት። ቀጥሎ የመጣው ሳቅ ነበር፤ ትከሻውን እያንቀጠቀጠ፣ እንባውን እያወረደ።

እሜቴ ቱቦዋን እየጎተተች አጠገቡ ደረሰች። ሲነግራት መጀመሪያ አልገባትም።

"እንዴት ነው ነገሩ? እነዚህን ሁለት ሌሊቶች በሙሉ መስመር አልነበረንም?"

"አልነበረንም።"

"ማሽኔ ሲሠራ የነበረው…"

"በባትሪው። ቀን ደግሞ በዚያች ደመና ውስጥ በምትታይ ፀሐይ።"

"አንተም ተኝተህ ነበር።"

"ተኝቼ ነበር።"

እሜቴ አጠገቡ ተቀመጠች። "ቆልፈህብኝ፣ ቁልፉን ይዘህ፣ ዘጭ ብለህ ተኝተህ!" ክንዱን መታ አደረገችው፤ ከዚያ እጇን እዚያው ተወችው። ሁለቱም የማሽኑን ማጉረምረም ሰሙት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይፈሩት ነው የሰሙት።

ማታ አማቹ መጣ። ነገሩን ሰምቶ በስልኩ ላይ የባትሪውን ውሎና አዳር መስመር በመስመር አየው።

"አባባ፣ ሒሳቡ አሁንም ያው ነው። ወጪውን አይመልስም።"

"ልክ ነህ" አለ ጋሼ መስመር።

"እኔ ግን ያሰላሁት መብራት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ነው። እርስዎ ስንት ሌሊት እንዳልተኙ አላስገባሁትም።"

"እሱን እኔም አላሰላሁትም ነበር" አለ። "ተኝቼ ስነሣ ነው የቆጠርኩት።"

እሜቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። "እንግዲህ ይቆይ። ብቻ ግድግዳው ያስጠላል፣ መጋረጃ ይደረግበት።" በዚህ ተቆረጠ። ባትሪው የቤቱ ሰው ሆነ። ባለሶላሯ በበኩሏ ጋሼ መስመር ሁለተኛ እንዳይቆልፍ ቃል እንዲገባላት ጠየቀችው፤ ረጅም ተከራክረው፣ ቢቆልፍ ግን ወዲያው ደውሎ ሊነግራት ተስማሙ። ከዚህ በላይ አላገኘችም።

በዚያው ሳምንት ጋሼ መስመር ከተማውን አቋርጦ ጦጣውን ሊጠይቅ ሄደ። ከቤት ርቆ ሲሄድ ከስንት ጊዜ በኋላ ነበር። መንገዱን ሁሉ ልቡ ወደ ኮሪደሩ ትመለስበታለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ አልተመለሰችም፤ አብራው ሄደች። ሁለቱ ሽማግሎች ፀሐይ ላይ ተቀምጠው በዘመናቸው የወጡትን ምሰሶ ቆጠሩ። ጦጣው የጓጉንቸሯን ነገር ሲሰማ በግራ እጁ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቁሞ "እና ያንን ልጅ ነፃ ነህ አልከው?" አለ። "አልኩት።" "ጎሽ" አለ ጦጣው፤ የማትጨበጠውን እጁን አገላብጦ እያየ። ጋሼ መስመር ያቺን ቃል ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ምናልባት አንድ ዕድሜ ተጠቅልሎ የሚወጣው ይህን ያህል ይሆን ይሆናል፤ ቤት ውስጥ የምትተነፍስ አንዲት ሴት፣ ምሰሶ ላይ አንድ ነፃ የሆነ ልጅ፣ ሁለቱም እርስ በርስ ሳይተዋወቁ።

አንድ ነገር ግን ቀርቶበታል። የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ሄዶ፣ ወንበር ስበው ካስቀመጡት በኋላ፣ ጥያቄውን አቀረበ። ሠራተኛ ባትሪ ባለበት ቤት ፊት ለፊት ምሰሶ ሲወጣ በሩን ያንኳኳ፤ ሲወርድም እንደገና አንኳኩቶ "ወርጃለሁ" ይበል። ሌላ ምንም አልጠየቀም። በአክብሮት አዳመጡት። መሣሪያው ራሱ እንደሚለይ፣ ሠራተኞቹም ሽቦውን ሳይፈትሹ እንደማይነኩ አስረዱት፤ ሁለቱም እውነት ነው። ከዚያ ፎርማኑን በመንገድ ባገኘው ቁጥር ጠየቀው፤ ፎርማኑም ሁልጊዜ "እሺ አባባ" ይላል።

መኪናው በሰፈሩ በመጣ ቁጥር ጋሼ መስመር በርጩማውን ይዞ ይወጣል፤ መሰላሉ ተደግፎ እስኪነሣ በሩ ላይ ይቀመጣል። እስከ ዛሬ ያንኳኳ የለም።